ሻንጣው የት ይቁም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ጓዝ ይዘው በሚጓዙና ጓዝ በያዙ ሰዎች በሚቸገሩ ተሳፋሪዎች የተጻፉት እየበዙ በመምጣታቸው፣ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ስናነብ ጠቡም ሆነ አደጋው በአብዛኛው የሚነሣው በመግቢያና በመውጫ ላይ፣ ማለትም ደረጃው በሚጀምርበትና በሚያልቅበት፣ የተሽከርካሪው በር በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ቅጽበት መሆኑን አስተውለናል። መልሶቻችንም ደጋግመው ወደዚያው ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዤ በባቡር ጣቢያ ውስጥ በተንቀሳቃሽ ደረጃ (ኤስካሌተር) ስወጣ ትልቁን ከጎኔ አቁሜው ነበር። ከኋላዬ የመጣ ሰው «መንገድ ልቀቂ!» ብሎ ተቆጣኝ። ሻንጣውን ወደ ፊቴ ለማዞር ስሞክር ሚዛኔን ስቼ ልወድቅ ስል ለጥቂት ተረፍኩ። ጥፋቱ የማን ነው? ወደፊትስ ሻንጣዬን የት ላቁም?
ብዙ ጊዜ ብቻዋን የምትጓዝ አንባቢ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ተረፉ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ ሻንጣን ከጎን ማቆም ስሕተት ነው፤ በሚንቀሳቀስ ደረጃ ላይ ያለን ሰው ዕቃውን እንዲያዞር ማስገደድ ግን ከስሕተትም የከፋ አደገኛ ድርጊት ነው። ያ ሰው የቱንም ያህል ቢቸኩል እስከ ጫፍ ድረስ መታገሥ ነበረበት። እርስዎም በቁጣው ደንግጠው ሻንጣውን ከሚያዞሩ «ስንደርስ አሳልፍዎታለሁ» ብለው እንደያዙት ቢቆዩ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በ60፣ በ80 ወይም በ100 ሴንቲሜትር ስፋት ነው፤ ሰፊው እንኳ ጎን ለጎን ከሁለት ሰው በላይ አያቆምም። የአንዱ እርከን ርዝመት ከፊት ወደ ኋላ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ሻንጣ በአንድ እርከን ላይ ተደላድሎ ይቆማል፤ በጣም ትልቅና ወፍራም የሆነው ግን አንደኛው ጎማው በእርከኑ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ በትንሽ ንቅናቄ ይዘነበላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ በሁለት እጁ ሁለት ሻንጣ የያዘ ሰው ወደ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ፈጽሞ እንዳይገባ ነው፤ መደገፊያውን የሚይዝበት ነጻ እጅ የለውምና። በአቅራቢያው አሳንሰር ካለ፣ ጥቂት ቢያስጠብቅም፣ በእርሱ ይጠቀም።

ሻንጣው አንድ ብቻ ሆኖ በደረጃው መሄድ ግድ ከሆነ፣ ሻንጣው ምንጊዜም ከእርስዎ በላይ ባለው እርከን ላይ ይሁን፤ ሲወጡ ከፊትዎ፣ ሲወርዱ ከኋላዎ ማለት ነው። ሻንጣ ከእጅ ሲያመልጥ የሚወድቀው ወደ ታች ስለሆነ በቅድሚያ የሚያገኘው ባለቤቱን ይሁን፤ ምንም የማያውቅ መንገደኛ ዕዳውን ሊከፍል አይገባም። የሚመዘዘውን ረጅም እጀታ አስቀድመው ያስገቡና በሻንጣው አናት ወይም ጎን ላይ ያለውን አጭሩን እጀታ በአንድ እጅ፣ የደረጃውን መደገፊያ በሌላው እጅ ይያዙ። በተለይ አራት ጎማ ያለው ሻንጣ ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ስለሚንሸራተት ስልክ ለማንሣት ብሎ ለአፍታም መልቀቅ አይገባም።

ዋናው ጥንቃቄ ግን በጫፉ ላይ ነው። እርከኖቹ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ከፍታቸው እየቀነሰ ይሄድና ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ ከዚያም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ባለው የብረት ሳህን ሥር ይገባሉ። በዚህች ቦታ የሻንጣውን ፊት ትንሽ ከፍ አድርጎ ጎማውን ከጥርሱ በላይ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጎማው እዚያ ከተሰናከለ ሻንጣው ይቆማል፤ ደረጃው ግን አይቆምም። የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ሲሆን ይህም በየሰከንዱ ከአንድ እርከን በላይ ወደ ጫፍ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከደረጃው እንደወረደ እዚያው ቆሞ እጀታውን ሲመዝ ወይም የአቅጣጫ ምልክት ሲያነብ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከኋላው ሦስት አራት እርከን ሙሉ ሰው ይደርስበታል፤ የሚደርሱትም ሰዎች ወደ ኋላ መመለሻ የላቸውም። እባክዎ ከወረዱ በኋላ ቢያንስ አምስት ስድስት እርምጃ ሳይቆሙ ይራመዱ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ጓዝዎን ያስተካክሉ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ቢታወስልኝ ይህ እንዲሆን እመኛለሁ።

የተቆጣዎት ሰው በአእምሮው ይዞት የነበረው «ቋሚ በአንድ ወገን፣ ተራማጅ በሌላው» የሚለውን ልማድ ይመስለኛል። ይህ ልማድ በየከተማው ይለያያል፤ በለንደን ቋሚው በቀኝ ነው፣ በቶኪዮ በግራ፣ በዚያው አገር በኦሳካ ደግሞ በቀኝ። የልማዱ ጥቅምም ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በሆልቦርን ጣቢያ ለሦስት ሳምንታት በተደረገ ሙከራ ተሳፋሪዎች በሁለቱም ወገን እንዲቆሙ ተደርጎ ነበር፤ በተጨናነቀው ሰዓት ደረጃው ያስተላለፈው ሰው ቁጥር በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ምክንያቱ ደረጃው ረጅም በሆነ ቁጥር የሚራመደው ሰው ስለሚያንስ ለተራማጅ የተተወው ወገን ባዶውን መሄዱ ነው። በጃፓን የሳይታማ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጠቃሚዎች ቆመው እንዲጓዙ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል፤ የናጎያ ከተማም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከትላለች። ልማዱ ባለበት ከተማ ማክበሩ መልካም ነው፤ ሻንጣ የያዘ ሰው ግን በልማዱ ምክንያት አደጋ ላይ ሊወድቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከአረጋዊ አባቴ ጋር በተንቀሳቃሽ ደረጃ ስንወርድ ከላያችን ከአንድ ሰው እጅ ያመለጠ ሻንጣ እየተንከባለለ መጣ። እኔ አባቴን ወደ ጎን ሳብኩ፤ ሻንጣው የሌላ ሰው እግር መታ። ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ደረጃውን ግን ማንም አላቆመውም። እንዴት ነው የሚቆመው? እኛስ ምን ማድረግ ነበረብን?
አባቱን የሚያጅብ አንባቢ

መልስ፦ አባትዎን መሳብዎ ተገቢ ነበር። በደረጃው ላይኛውና ታችኛው ጫፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመደገፊያው መታጠፊያ ሥር፣ ቀይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ አለ፤ በረጃጅም ደረጃዎች ላይ በመካከልም ይኖራል። አንድ ሰው በወደቀ ወይም ልብስና ማሰሪያ በተያዘ ጊዜ ለጫፉ ቅርብ የሆነ ማንኛውም ሰው ሊጫነው ይገባል። ከመጫን በፊት ግን «መደገፊያ ያዙ!» ብሎ መጮኽ ያስፈልጋል። መሣሪያው የተሠራው በድንገት እንዳይቆም፣ ጥቂት ተንሸራቶ እንዲቆም ቢሆንም መደገፊያ ያልያዘን ሽማግሌ ለመጣል ያ ንቅናቄ ይበቃል።

ከተቆመ በኋላ ያለውን ጊዜ ብዙ ሰው ስለማያስብበት ጥቂት ልጨምር። የቆመ ተንቀሳቃሽ ደረጃ እንደ ተራ ደረጃ አይደለም። የእርከኖቹ ከፍታ 20 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ከቤት ደረጃ ይበልጣል፤ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ ከፍታቸው እኩል አይደለም። እግር አንድ ዓይነት ከፍታ ሲጠብቅ ሌላ ያገኛል፤ ሻንጣ የተሸከመ ሰው ደግሞ የሚረግጠውን አያይም። ስለዚህ ደረጃው ቆሞ ከሆነ ከባድ ጓዝ ያለው ሰው ሌላ መንገድ ይፈልግ፤ አረጋውያንም በችኮላ አይውጡበት።

ለወደፊቱ የሚጠቅመው ጥንቃቄ ትልቅ ሻንጣ ከያዘ ሰው በታች ባለው እርከን ላይ ተጠግቶ አለመቆም ነው። ሦስት አራት እርከን ቢተውለት ማንም አይጎዳም። ደግሞም በደረጃው ግራና ቀኝ ሥር የተተከለው ብሩሽ፣ አንዳንዶች ጫማ ሲያጸዱበት እንደምናየው ለዚያ የተሠራ አይደለም። እግር፣ ልብስና የሚንጠለጠል ማሰሪያ በእርከኑና በጎኑ መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት እንዳይጠጋ ማራቂያ ነው። ብሩሹ እግርዎን ሲነካዎ ወደ መካከል ፈቀቅ ይበሉ፤ የሻንጣውንም ማሰሪያ ይሰብስቡ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ የጀርባ ቦርሳዬን እንዳወርድ ሁልጊዜ ይነገረኛል። ቦርሳው በጀርባዬ ሆነ በእጄ የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ ታዲያ ምን ለውጥ አለው?
የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ወዳጃችን፣ ጥያቄህ የሚያስብ ሰው ጥያቄ ነው፤ የሚገባውን ያህል ላስረዳህ። የቦርሳው መጠን እንደማይቀንስ ልክ ነህ። ነገር ግን በተጨናነቀ ተሽከርካሪ ውስጥ ሰው የሚጣበበው በትከሻና በደረት ከፍታ ላይ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። ቦርሳህ በጀርባህ ላይ ሲሆን የሚይዘው እጅግ የሚፈለገውን ቦታ ነው፤ በእግሮችህ መካከል ስታስቀምጠው ግን የሚይዘው ማንም የማይጠቀምበትን ነው። መጠኑ ያው ሆኖ ሳለ አንድ ሰው ተጨማሪ ሊቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል። በጀርባህ ያለውን ነገር አታየውም፤ ሲነካም አይሰማህም። ጓደኛህን ልታነጋግር ዘወር ስትል ቦርሳው ከአንተ የበለጠ ሰፊ ክብ ይዞራል። ከፍታውን ደግሞ አስበው፤ አንተ ቆመህ ሳለ ቦርሳህ ያለው በተቀመጠ ሰው ፊትና በቆመ ሕፃን ራስ ትክክል ነው። በአንድ ወቅት ከኋላ መቀመጫ ሆኜ እንዳየሁት አንድ ወጣት መውረጃው እንዳያመልጠው ፈጥኖ ሲዞር የቦርሳው የብረት ዘለበት የተቀመጡ እናትን መነጽር ከዓይናቸው ላይ ጠርጎ ጣለው። ልጁ ምንም አልተሰማውም፤ ወርዶ ሄደ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ቢያይ ኖሮ ተመልሶ ያነሣው ነበር። እናቲቱም «ይቅር፣ ልጅ ነው» ብለው ጎንበስ ብለው መፈለግ ጀመሩ። እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ያ መጎንበሳቸው ነው።

ስለዚህ ቦርሳውን ከመሳፈርህ በፊት፣ ገና ወረፋ ላይ ሳለህ አውርደው፤ ከገባህ በኋላ በሰው መካከል ለማውረድ ስትታገል ክርንህ ሌላ ሰው ይመታልና። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ወይም ቦርሳው ከሌብነት እንዲጠበቅ ከፈለግህ በደረትህ ላይ አድርገው፤ ቦታው ባይቀንስም ቢያንስ ታየዋለህ። የማሰሪያውን ጫፍ ግን ሰብስበው። የባቡርና የአውቶቡስ በሮች ወፍራም ነገር ሲይዙ እንደገና የሚከፈቱ ቢሆኑም ቀጭን ማሰሪያን ላያውቁት ይችላሉ፤ በተያዘ ማሰሪያ ተሽከርካሪው የተንቀሳቀሰበት ሰው የሚደርስበትን መገመት አያስቸግርም። በሩ ሊዘጋ ሲል ቦርሳን በመካከል አስገብቶ ለማስከፈት መሞከርም በዚሁ ምክንያት እጅግ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ የራሴን ቦርሳ በአጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ባስቀምጥ ነውር ነው? ሰው ቢጠይቀኝ ወዲያው አነሣለሁ።

መልስ፦ ተሽከርካሪው ባዶ ከሆነ ነውር የለውም። ሰው መቆም ከመጀመሩ በፊት ግን፣ ሳይጠየቁ ማንሣት ይገባዎታል። «ቢጠይቁኝ አነሣለሁ» የሚለው ሐሳብ ሸክሙን በጠያቂው ላይ ይጥላል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ከመጠየቅ ይልቅ መቆምን ይመርጣል። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕመምተኛና እንግዳ ሰው ከሁሉ ይልቅ ዝም የሚሉ ናቸው። በየማቆሚያው ቀና ብለው በሩን ይመልከቱ፤ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በጣቢያ አሳንሰር ፊት ቆመን ስንጠብቅ ማን ይቅደም? እኔ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምንቀሳቀሰው። ጤነኛና ባዶ እጃቸውን የሆኑ ሰዎች ሲሞሉበት ሦስት ጊዜ የቀረሁበት ቀን አለ። ሻንጣ የያዙትንም መውቀስ እቸገራለሁ፤ እነርሱም ደረጃውን አይችሉትም።

መልስ፦ ስለ ሌሎቹም በማሰብዎ እያከበርኩዎት፣ ቅደም ተከተሉን ያለ ማመንታት እናገራለሁ። ከአሳንሰር በቀር ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ወረፋው የትም ይሁን የት ይቀድማል፤ እርስዎ በዚህ ውስጥ ነዎት። ቀጥሎ በዕድሜና በሕመም የደከሙ ሰዎችና የሕፃን ጋሪ የያዙ ወላጆች ናቸው፤ ጋሪን በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ማውጣት ለሕፃኑ እጅግ አደገኛ ነውና። ከዚያ ከባድ ሻንጣ የያዙት ይከተላሉ። እጁ ባዶ የሆነና እግሩ የሚችል ሰው የመጨረሻው ነው፤ ተራው ደርሶ ገብቶ ቢሆን እንኳ እርስዎን ሲያይ መውጣት ይኖርበታል።

ለሻንጣ ባለቤቶች ደግሞ የምለው አለኝ። አሳንሰሩ ሲከፈት የሚወጡት ሰዎች እንዲወጡ ከበሩ ፊት ወደ ጎን ቁሙ፤ ከገባችሁ በኋላ ሻንጣውን ከፊታችሁ በቁመቱ አቁሙት፤ በአግድም የተቀመጠ ሻንጣ የአንድ ተሽከርካሪ ወንበርን መግቢያ ሊዘጋ ይችላል። ሲደርሱ በበሩ አጠገብ ያለ ሰው ቀድሞ ይውጣና ለሌሎች መንገድ ይክፈት።

ጥያቄ፦ በረጅም ርቀት አውቶቡስና ባቡር ሻንጣዬን በእግሬ አጠገብ በመተላለፊያው ላይ አቆመዋለሁ፤ ከዓይኔ እንዲርቅ አልፈልግም። ደግሞም ሰው ሻንጣ ሲያነሣ ሲቸገር ሳይ ልርዳ ወይስ አልርዳ እያልኩ እቸገራለሁ፤ አንዳንዱ ሌባ ያደርገኛል ብዬ እሰጋለሁ።
ሁለት ጥያቄ ያለው አንባቢ

መልስ፦ መተላለፊያው የሁሉም ሰው መውጫ ነው፤ ጭስ ቢነሣ ወይም መብራት ቢጠፋ ሰው የሚሮጠው በዚያ ነው። በተጨማሪም ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ጎማ ያለው ሻንጣ ከመተላለፊያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይበራል። ለዚህ የተዘጋጀ የዕቃ ማስቀመጫ ካለ ይጠቀሙበት፤ ሥጋትዎ ስርቆት ከሆነ ማስቀመጫው ከሚታይበት ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ገንዘብዎንና ሰነድዎን ግን በትንሽ ቦርሳ አብረው ይያዙ። ከራስ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ቀላሉን ብቻ ያድርጉ፤ ከባዱ ከታች ይሁን። ሻንጣው ከእርስዎ ጋር የግድ የሚቆይ ከሆነ በጎኑ አጋድመው ጎማው ወለል እንዳይነካ ያድርጉና በጉልበትዎ ይያዙት። በጃፓን ፈጣን ባቡር በአንዳንድ መሥመሮች እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 ጀምሮ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ከኋላው ቦታ ካለው ወንበር ጋር አስቀድሞ እንዲያዝ ተደርጓል፤ ትልቅ ጓዝ ያለው ሰው ቦታውን ከመሳፈሩ በፊት እንዲያስብበት የሚያስገድድ በጎ አሠራር ነው። ያ ደንብ በሌለበትም ቢሆን ትኬት ሲቆርጡ ስለ ጓዝዎ መጠን መጠየቅ ይገባል።

ስለ መርዳት፣ እባክዎ ይርዱ። ሥጋትዎን የሚያስወግደው ቀላል ነገር ነው፤ እጅዎን ከመዘርጋትዎ በፊት በአፍዎ ይጠይቁ። «ላግዝዎት?» ብለው ምላሹን ይጠብቁ፤ «አይ፣ እችላለሁ» ከተባሉ ደግመው አይጫኑ። ፈቃድ ካገኙም ሻንጣውን ነጥቀው ቀድመው አይሂዱ፤ ባለቤቱ አንዱን እጀታ፣ እርስዎ ሌላውን ይያዙ። በደረጃ ላይ ሲያነሡ ጉልበት ያለው ሰው ከታች በኩል ይሁን፤ ሲወርዱም እንዲሁ፤ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች ባለው ላይ ነውና። ከባቡር ወደ መሳፈሪያው ሲያወርዱ ጎማው በመካከሉ ባለው ክፍተት እንዳይገባ ሻንጣውን አያንከባልሉ፤ ከወለሉ አንሥተው ያሳልፉ። አንዳች ነገር ወደ ሐዲዱ ቢወድቅ ማንም እንዳይወርድ ተከላክለው የጣቢያውን ሠራተኛ ይጥሩ። ደረጃው ካለቀ በኋላ ደግሞ እላይ ጫፉ ላይ አያስቀምጡት፤ ጥቂት እርምጃ አልፈው፣ እጀታውን መዘው፣ ባለቤቱ በእጁ መያዙን አይተው ይለዩት።